ሁለት ቀለበት ያለው ቅል

ቅሉ ያልመጣው ወንዙ ስላልሞላ ነው ወይስ የሚልከው ሰው ስለተከለከለ?

እማማ ላይኛ የማማውን መሰላል እየወጡ ይህንኑ ይጠይቃሉ። አንዱን እርከን ሲረግጡ «አልሞላም» ይላሉ፤ ቀጣዩን ሲረግጡ «ከልክለውት ነው» ይላሉ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁለቱንም ይተዉና «ልጄን ብቻ» ብለው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ምሳ የያዘ ቅርጫት አንጠልጥለዋል፤ በሌላው መሰላሉን ጠፍቶ እንደተገኘ ዘመድ አንቀው ይዘውታል። ወደ ታች ላለማየት ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። ግን ሰው አትይ የተባለውን ሳያይ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ዘወር ብለው አዩ።

ከማማው ግርጌ አንስቶ ወንዙ እስከሚታጠፍበት ድረስ ዝቅታው ሜዳ በሙሉ ድንኳን ሆኗል። በክረምት ከብት እንኳ የማይሰማራበት ሜዳ ዛሬ ጨው በጆንያ ተከምሮበታል፤ ቆዳና መዳብ ተዘርግቶበታል፤ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮህበታል። የታች አገር ጌታ ይህን ገበያ የከፈተው የላይ አገር ጌታ ተራራ ቆርጦ ባወጣው አዲስ መንገድ የሚያልፈውን ነጋዴ ወደ ራሱ ለመሳብ ነው። «እሱ መንገድ አለው፤ እኔ ሜዳ አለኝ» አለ አሉ። ሜዳው የማን እንደሆነ ግን ወንዙን የጠየቀው የለም።

በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ነገር ቀላል ነበር። ወንዙ የሚወርደው ከላይ አገር ነው፤ ጨው የሚወጣው ከታች አገር ነው። የዛሬዎቹ ጌቶች አያቶች በአንድ ክፉ ክረምት ብዙ ሰው ካጡ በኋላ ተቀምጠው ተማማሉ፤ ላይኛው ወንዙ ሲያብጥ ቅል ይልካል፣ ታችኛው ክረምቱ ሲወጣ ጨው ይልካል። ደራሽ ውሃው ከገደሉ በላይ ባለው ሐይቅ ተጠራቅሞ እስኪፈስ ጊዜ ስለሚወስድ ቅሉ ቀድሞት ይደርሳል። ቅሉ በኖራ የነጣ፣ አፉ በሰም የተደፈነ ነው፤ ሆዱ ውስጥ እንዳይገለበጥ ጠጠር አለበት። አንድ ቀይ ቀለበት ከተቀባበት ከብታችሁን ሰብስቡ ማለት ነው። ሁለት ቀለበት ከሆነ ሜዳውን ልቀቁ ማለት ነው። ሦስት ቀለበት ያየ ሰው የለም፤ ያየ ካለም ለመናገር ጊዜ አላገኘም ይባላል።

ቅሉን ከማማው ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ምልክቱን ሲያይ መለከት ይነፋል። ያ ሰው በፊት የእማማ ላይኛ ባል ነበር፤ ዛሬ ልጃቸው ነው። ከላይ ሆኖ ቅሉን የሚለቀው ደግሞ የገዛ ወንድማቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ከላይ አገር ተድረው ነው የመጡት፤ «ላይኛ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ለዚሁ ነው። በደጉ ዘመን ስሙን ይወዱት ነበር። አንድ ሰው «አገርሽ አይናፍቅሽም?» ሲላቸው «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል፤ እኔ ግን ሰባራ አላበዛም፣ እዚሁ ይሻለኛል» እያሉ ያስቁ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ቀልድ ከአፋቸው አይወጣም።

ምክንያቱም ንግድ መጣ። ታችኛው በላይ አገር እህልና ቆዳ ላይ ቀረጥ ጨመረ። ላይኛው እህሉን አስቀረና በአዲሱ መንገድ ከሌላ አገር ጨው ማስመጣት ጀመረ። ታችኛው ተናደደና የውሉን ጨው ሳይልክ ክረምቱ ወጣ። እያንዳንዱ «እሱ ይለምነኛል» እያለ ተቀመጠ። ስለ ቅሉ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ቀርቷል ያለ የለም፤ ይቀጥላል ያለም የለም። እማማ ላይኛን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነው። የተቆጣ ሰው ይታወቃል፤ የሚጮህበትን ያህል ይጮህና ይወጣለታል። ዝም ያለን ሰው ግን ምን ብለው ይፈቱታል?

ልጃቸው ዓይኑን ከወንዙ ሳይነቅል ቅርጫቱን ተቀበላቸው። ከስቷል። ምሳውን ከጎኑ አስቀመጠው እንጂ አልከፈተውም፤ እሳቸውም ይህንን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። መለከቱ ከማማው ግንድ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ተሰቅሏል። ከመለከቱ ሥር አንድ ዘበኛ ጦሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ከሰሞኑ ወዲህ ከልጃቸው የማይለይ ጥላ ነው።

ጥላው የመጣው በድንጉጤ ሰበብ ነው። ድንጉጤ ከልጃቸው ጋር እየተፈራረቀ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ በር ሲንኳኳ እንኳ ስለሚዘል ነው ስሙ የወጣለት። ገበያው በተከፈተ ሰሞን የላይ አገር ሰማይ ሲጠቁር አየና ቅል ሳይመጣ መለከቱን ነፋ። ሰው እቃውን ጥሎ ወደ ኮረብታው ሮጠ። ውሃው አልመጣም። ከሩቅ የመጡት ነጋዴዎች ጭነታቸውን ጠቅልለው በላይ አገር መንገድ ሄዱ። ገበያውን የሚያዝዘው የጨው ሹም ይህ የድንጋጤ ሥራ አይደለም፣ የጠላት ሥራ ነው አለና ድንጉጤን አስሮ ወሰደው። ወዴት እንደወሰደው ሚስቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ አዋጁ አንድ ነው፤ ቅል ሳይታይ መለከት የነፋ የላይ አገር ሰላይ ነው። ከላይ አገር ሴት የተወለደ ደግሞ ሳይነፋም ግማሽ ሰላይ ነው።

«እማማ ላይኛ» አለ ዘበኛው፣ የጦሩን ብረት በአውራ ጣቱ እየወለወለ። «ወንድምዎ ዛሬም ረሱን?»

«አርጅቷል ልጄ። ያረጀ ይረሳል» አሉ። «አንተም ሲደርስህ ታየዋለህ፤ ከደረሰህ።»

ዘበኛው ሳቀ። እሳቸው ግን የመጨረሻዋን ቃል እንደጨረሱ ምላሳቸውን ነከሱ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ያሳደጉት ልጃቸው ፊት እንዲህ ይቀባጥራሉ? ይህ ዘበኛ ማታ ሹሙ ፊት ቀርቦ ምን እንደሚል ማን ያውቃል?

ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ሥር ተናገረ።

«እማዬ፣ ውሃው ሸተተሽ?»

ሸቷቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሸቷቸዋል፤ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ዓይነት ሽታ። «ምንም አልሸተተኝም» አሉ።

ጠዋት ከዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ይታይ እንደነበር፣ አሁን ጫፉ ብቻ እንደቀረ ነገራቸው። እሳቸውም ክረምት ነው፣ በክረምት ወንዝ ይጨምራል፣ ይህ ለሕፃንም አይጠፋውም ብለው መለሱለት። እሱ አልሰማቸውም። ዓይኑ ከውሃው ተነሥቶ ሜዳው ላይ፣ ከሁሉም ለወንዙ የቀረበችው ቀይ ጥላ ላይ አረፈ። ከዚያች ጥላ ሥር የሚስቱ እናት ጨርቅ ዘርግታ ትሸጣለች። ዳሌዋን ስለሚያማት ለመነሣት እንኳ የሰው እጅ ትፈልጋለች። ከዚያ ዓይኑ ወደ መለከቱ ሄደ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?» አለ።

«ለቅጠሉም ሹም ተሹሞበታል ልጄ።» እጅጌውን ያዙት። «ቅል ሳታይ እጅህ እዚያ እንዳይደርስ። ማልልኝ።»

አልማለላቸውም። «ውረጂ እማዬ፣ ሊያካፋ ነው፤ መሰላሉ ያንሸራትትሻል» አለና እጃቸውን ቀስ ብሎ ከእጅጌው ላይ አነሣው።

እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ለፈሪ ግን አጭር መንገድ የለም። በየግድግዳው ጥግ እንቁራሪት ይታያቸዋል። እንቁራሪት በክረምት የትም አለ ብለው ያልፋሉ፤ ጥቂት ይሄዱና ግን ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል ብለው ይቆማሉ። አንዲት ሻጭ ሰላም ስትላቸው ለምን እንዲህ ፈገግ አለች ብለው ይጠረጥሯታል። ልጃቸው ሊነፋው ነው። አልማለላቸውም፤ ያልማለ ልጅ ሊያደርገው የወሰነ ልጅ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ሊዋሻቸው ካልፈለገ ስለ ዝናብ ያወራል።

ደጃቸው ሲደርሱ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ በበሩ መቃን ሽቅብ ይሰለፋል። እማማ ላይኛ ግራ ቀኝ አዩና በመከናነቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። «ሂዱ ወዲያ፣ አላየኋችሁም» አሉት። ድንጉጤ መለከቱን በነፋ ቀንም ጉንዳኑ እንዲሁ ወጥቶ ነበር። ውሃው ግን አልመጣም። እንግዲህ የትኛውን ይመኑ? የጠረጉት ሰልፍ ከሥራቸው እንደገና ተቀጠለ።

ምራታቸው ጓሮ ናት። ጨርቅ በቀለም እየነከረች ነው የምትኖረው፤ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፣ የሠርጓ ቀን እንኳ አልለቀቀም። ከአማቷ ጋር የሚያጋጫት ነገር ከማለዳ እስከ ማታ አይጠፋም። ሲያጋቧቸው የእሷ ዘመዶች የላይ አገር ሴት ቤት ልጅ አንሰጥም ብለው አጉረምርመው ነበር፤ እማማ ላይኛም ይህንን ሰምተው አልረሱም። ትናንት እንኳ ሹሙ ጨዉን ሁሉ ለገበያው ሰብስቦ በተወደደበት በዚህ ዘመን ወጡን በጨው አስመረርሽው ብለዋት፣ እሷ ደግሞ ወንድምዎ ቅል ቢልኩ ጨውም ይረክስ ነበር ብላ መልሳላቸው ሁለቱም ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የበሉት።

«አዩት?» አለች አሁን፣ ጋኑን እያማሰለች።

አይተውታል፣ ደኅና ነው፣ ምሳውንም በላ አሏት። ምራታቸው ማማሰሏን አቆመች። ምሳውን ሳይከፍተው እንደቀረ ከፊታቸው ላይ አነበበችው። መሳደብ የለመደች ሴት ዝም ስትል ቤቱ ይጨልማል።

እማማ ላይኛ ወደ ውስጥ ገቡና ከልጅ ልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ ሁለት እግሩን ወደ ላይ ያራግባል። ከጣሪያው ማገር በክር የወረደ አንድ ነጭ ቅል ከፊቱ ይወዛወዛል፤ በእግሩ ሲመታው ጠጠሩ ሽክሽክ ይላል፣ እሱም ይስቃል። ቅሉን የላከው ወንድማቸው ነው። ልጁ በተወለደ ሰሞን፣ ጠቡ ገና ሳይከፋ፣ ምንም ቀለበት ያልተቀባበት ቅል በወንዙ ወረደ። ልጃቸው ከውሃው አውጥቶ ሲያየው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ በኋላ ገባውና እየሳቀ ይዞት መጣ። ባዶ ቅል ማለት ሰላም ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ማለት ነው። የሹሙ ሰዎች በየቅል ጠባቂው ቤት ገብተው ውሃ መቅጃ ሳይቀር ቅል የተባለ ሁሉ ሲሰበስቡ ይህንንም ሊበጥሱት ነበር። ሕፃኑ ግን እሪ ብሎ ቤቱን ናጠው፤ ከሹሙ ትእዛዝ የልጁ ጩኸት በለጠና ትተውት ሄዱ።

እማማ ላይኛ ቅሉን አዩት። ልጁ መታው፤ ሽክሽክ አለ። አሁንም አዩት።

ወደ ጓሮው በር ሄደው ቀዩን ቀለም ጠየቁ።

«ምን ሊያደርግልዎ ነው?»

ዓይናቸው ወደ ቤት ውስጥ፣ ወደ ልጁ አልጋ ተመለሰ። ምራታቸው ዓይናቸውን ተከትላ አየች። ማማሰያውን አስቀመጠች። እጇን ሳትጠርግ ገባችና በሩን ከኋላዋ በመቀርቀሪያ ዘጋችው።

«አብደዋል እንዴ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

ነገሯት። ልጃቸው ሊነፋው ነው፤ ቅል ሳያይ ከነፋ ይሞታል፤ ሳይነፋ ውሃው ከመጣ እናቷ ዳር ላይ ናት፣ እሱም ያንን ይዞ አይኖርም። ቅል ካየ ግን ሕግ አለው። ቅሉ ከድልድዩ በላይ ውሃው ላይ ከተጣለ በማማው ሥር ያልፋል፣ ዘበኛውም በገዛ ዓይኑ ያየዋል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

«ውሃው ባይመጣስ?»

«ባይመጣ የሚረገመው ወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ ሩቅ ነው፣ እርግማናቸው አይደርሰውም።»

«እርስዎስ? ከላይ አገር የተወለደ ከድልድዩ በላይ እንዳይታይ ተብሏል።»

«አሮጊትን ማን ልብ ይላል?»

«እርስዎን? ሲያስነጥሱ እንኳ ገበያው ድረስ ይሰማል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይቀየሟት ነበር። ምራታቸው የታጠፈውን ጨርቅ አንሥታ መልሳ አጠፈችው፤ ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እትዬ፣ አንዴ የዋሸ ቅል ሌላ ጊዜ እውነተኛው ሲመጣ ማን ያምነዋል?»

ሁለቱ ጌቶች ያን ሁሉ ተጣልተው፣ ቀረጥ ጨምረው፣ መንገድ ዘግተው፣ እስከ ዛሬ ያልተነካች አንዲት ነገር ይህቺ ብቻ ነበረች። ቅል ዋሽቶ አያውቅም። ወንድማቸው በሕመም ላይ ሆኖ እንኳ ተደግፎ ወንዝ ይወርድ እንደነበር ያውቃሉ። አሁን ያችን የመጨረሻዋን ክር በገዛ እጃቸው ሊበጥሷት ነው? የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እሳቸው ከየትኛው እንደሆኑ አላወቁም። ለማልቀስም ለመላስም ተራቸው ገና አልደረሰም።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የማውቀው ልጄን ነው።»

ምራታቸው ወደ ጓሮ ወጥታ ቀዩን ቀለም በሸክላ ስባሪ ይዛ ተመለሰች፤ በሌላው እጇ የሰም ቁራጭና ብሩሽ አለ። እንዲሁ ከቀቡት ውሃው ወዲያው እንደሚያጥበው፣ ሰም ገብቶበት ሲሞቅ ግን እንደሚይዝ ነግራቸው ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችው።

ቅሉን ከክሩ ፈቱት። ሕፃኑ ከንፈሩን አጣመመ፤ እናቱ ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ አስታገሰችው። እማማ ላይኛ ብሩሹን በግራ እጃቸው ያዙ። ወንድማቸው ግራኝ ነው፤ ልጅ ሆነው ቀይ አፈሩን እየፈጩ ያቀብሉት ነበርና ቀለበቱ እንዴት እንደሚዞር ያውቃሉ። ሲጨርስ መጨረሻው ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገጥማል፣ እንደ ጅራት። ማማው ላይ ያለው ልጃቸው ያንን ጅራት ከሩቅ ይለየዋል። አንዱን ቀለበት አዞሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን የወንድማቸውም እጅ አርጅቷል፣ ይንቀጠቀጥ። ሁለተኛውን ጀመሩ። ዞሮ ሳይገጥም በሩ ተንኳኳ።

ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ምራታቸው ቅሉን መንጭቃ ከልጁ ብርድ ልብስ ሥር ከተተችው፤ የሸክላውን ስባሪ በእግሯ ከአልጋው ሥር ገፋችው፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን አነሣች።

የማማው ዘበኛ ነው፣ ጦሩን እንደያዘ። ካፊያው ትከሻውን አርሶታል። ተተኪው ስለመጣለት እንደወጣ፣ እግረ መንገዱን የጠባቂውን ካባ እንዲወስድለት እንደተላከ ተናገረ። ምራታቸው ካባውን ልታመጣ ሄደች። እማማ ላይኛ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጫኑ። ከእጃቸው ሥር ልጁ ተራገጠ፤ ጠጠሩ ሽክሽክ አለ።

ዘበኛው ወደ አልጋው ጠጋ አለ። ለመጫወት ጣቱን ዘረጋ። ሕፃኑ ጣቱን ሊይዝ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ፤ መዳፉ ቀይ ነው።

እማማ ላይኛ መዳፉን በብርድ ልብሱ ሊሸፍኑ ቸኮሉ።

«ምንድነው ይሄ? ደም ነው?» አለ ዘበኛው።

ምራታቸው ካባውን በክንዷ ላይ አድርጋ መጣች። ሰማያዊ እጇን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። «እናቱን እያየህ? የእኔ ልጅ ነጭ እጅ ከኖረው ባሌ ነው የሚጠረጥረኝ።»

ዘበኛው ሳቀና ጣቱን በጨርቁ ጠረገ። ካባውን ተቀበለ። ግን አልሄደም። በሩን አየ፣ ወደ እማማ ላይኛ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ማማው ላይ የነበረው ፌዝ የለም። ልጅ ነው ለካ፤ ከጦሩ ጋር ሲታይ ነው ትልቅ የሚመስለው።

«እናቴ» አለ። «አንድ ነገር ይንገሩት፤ እሱ እኔን አይሰማኝም። እጁ ወደ መለከቱ እየሄደ ነው። እኔ ይሄን ጦር የያዝኩት ለወንዙ አይደለም። ቅል ሳይታይ አፉ ላይ ካደረገው ምን እንዳደርግ እንደታዘዝኩ… የተካኝም እንደዚያው ነው የታዘዘው። እሱ ደግሞ እንደኔ አይደለም።»

ጥቁሩ ድንጋይስ ይታያል ወይ ብላ ምራታቸው ጠየቀችው።

«ኧረ ሰምጧል» አለ፣ እንደ ተራ ነገር። ካባውን ከዝናቡ ለመከለል ብብቱ ሥር አደረገና ሄደ።

በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ሴቶች እርምጃው እስኪርቅ ቆዩ። ምራታቸው ቅሉን አወጣችው፤ አንዱ ቀለበት በልጁ መዳፍ ተሽሯል። እማማ ላይኛ ብሩሹን ከወለሉ አንሥተው የተሻረውን ደገሙ፣ ያልገጠመውን አገጠሙ፣ ጅራቱን አወረዱ። ከእሳቱ በላይ አድርገው ሰሙ እስኪይዝ አሽከረከሩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ ነበር እናታቸው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ሰው አሁንም ይስቃል፣ ድምፁ በመስኮቱ ይገባል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ሆነው ሊቀሩ ነው። ፈጠን ማለት አለባቸው። ፈጠን።

ቅሉን በመከናነቢያቸው ጠቀለሉና ተነሡ። ድልድዩ ጋ ቢጠይቋቸው ቅጠል ልለቅም ነው ይላሉ። በዚህ ዝናብ? መድኃኒት ነው፣ ለልጁ ነው ይላሉ። ልጁን ምን ነካው ቢሏቸውስ? ስሙን ሲጠሩባቸውስ፣ ላይኛዋ ወዴት ቢሏቸውስ? መድረኩ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መቃኑን ያዙ። ሌላውን እግር ለማንሣት ሞከሩ፤ አልተነሣም፤ እርጅና ይሁን ፍርሃት አልለዩትም። ጉንዳኑ ከጣታቸው ሥር ሽቅብ ይወጣል።

«ትንሽ ላርፍና» አሉ። «ትንሽ ብቻ ላርፍና እሄዳለሁ። ይሄ ጉልበት ነው እንጂ እኔ እኮ…»

ምራታቸው ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻቸውና ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ከጓሮ የጨርቅ ቅርጫቷን አመጣች፤ በየቀኑ ከድልድዩ በላይ ወዳለው ማለቅለቂያ የምትወስደው፣ ዘበኞቹ አይተው አይተው የሰለቻቸው ቅርጫት። ገና የሚንጠባጠበውን ሰማያዊ ጨርቅ ግማሹን አነሣች። ቅሉን ከእማማ ላይኛ እጅ ወሰደች፤ እሳቸው ሳያውቁት ጨብጠውት ኖሮ ጣታቸውን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባት። ከጨርቁ መካከል አስቀመጠችው፣ ሸፈነችው፣ ቅርጫቱን ነቅነቅ አድርጋ ጠጠሩ እንደማይሰማ አረጋገጠች።

እማማ ላይኛ ሊናገሩ ፈለጉ። አንቺ ትቅሪ ሊሉ፣ የምታጠባ እናት ነሽ ሊሉ፣ እናትሽን ስታይ እንዳትጣሪ፣ ቅሉን ስትለቂው ከመሐል ወዳለው ፈሳሽ አድርጊው፣ ዳር ከጣልሽው ሣር ይይዘዋል ሊሉ። ስለ ትናንቱ ጨውም አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር።

ምራታቸው ልጁን ከአልጋው አነሣች። አንገቱን አሸተተችው፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ሁለቱንም እጃቸውን አንሥታ ዙሪያውን አስያዘቻቸው። ቅርጫቱን አናቷ ላይ አደረገች። ከጨርቁ የሚወርደው ሰማያዊ ውሃ በግንባሯ ላይ መንገድ አወጣ፤ አልጠረገችውም። በትከሻዋ በሩን ገፋችው፣ የጉንዳኑን ሰልፍ እንዳትረግጥ እግሯን ከፍ አድርጋ ወጣች።